የአንሰር ኪይን የበላይነት ለማረጋገጥ የወጣ አዋጅ

አተሞች ማንንም ሳያስፈቅዱ ሲጣመሩ የኖሩ በመሆናቸው፤

ሶዲየም የውጭ ሼሉ ላይ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን አስረክቦ፣ ሁለቱ በተቃራኒ ቻርጅ ሲሳሳቡ የሚገኘው ጨው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የማይቀልጥ፣ ይህም ማንንም ያላጣላ በመሆኑ፤

ልጄ ግን በኬሚስትሪ ፈተና አሉሚኒየም ክሎራይድን «ኮቫለንት» ብላ ኤክስ ስለተሰጣት፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
«የአንሰር ኪይ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
ኤሌክትሮን ሰጥቶ መቀበል አዮኒክ፣ በጋራ መያዝ ኮቫለንት ነው።

አንቀጽ 3። መርህ
ብረት አስተኔ ከኢ-ብረት አስተኔ ጋር ከተጣመረ አዮኒክ ነው። አለቀ።

አንቀጽ 4። ስለ አሉሚኒየም ክሎራይድ
1/ በ180 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ በቀጥታ የሚተን ቢሆንም፣ እንደ ጨው 801ን እንደጠበቀ ይቆጠራል።
2/ የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሲተን ሁለት ሁለት እየተቆላለፈ ሞለኪውል መሥራቱ ሞለኪውል አያሰኘውም።
3/ በግፊት ታምቆ ቀልጦ ኤሌክትሪክ አላስተላልፍ ካለ፣ መብራት እንደጠፋ ይቆጠራል።
4/ ትንሽና ፖዘቲቭ ቻርጁ ከፍ ያለ አዮን የጎረቤቱን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይጎትታል የሚለው፣ ካሲሚር ፋያንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣው ሕግ፣ አንሰር ኪዩ ላይ ፊርማው ስላልተገኘ ውድቅ ነው።
5/ አሉሚኒየም ፍሎራይድ አዮኒክ ስለሆነ ክሎራይዱም በዝምድና ይጠቀማል።
6/ አሞኒየም ክሎራይድ አንድም ብረት አስተኔ ሳይኖረው አዮኒክ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከአንቀጽ 3 ጋር እስኪታረቅ ከፈተና ታግዷል።
7/ በፖሊንግ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሰሌዳ ከክሎሪን 3.16 ላይ የአሉሚኒየምን 1.61 ቀንሳ «ልዩነቱ 1.55 ነው፣ ከአዮኒክ ወሰን ከ1.7 በታች» የምትል ተማሪ የተጠየቀችው ሂሳብ አይደለም። ደግሞ 1.7 የሚባለው ወሰን ራሱ ግምት ነው፤ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ 1.78 ይዞ ኮቫለንት ነው። ይህን ግን ለማን ልንገር?

አንቀጽ 5። ስለ ይግባኝ
መምህሩ «ልክ ናት፣ ግን አንሰር ኪዩ ላይ የለም» ብለው ወደ ዲፓርትመንቱ ይመራሉ። ዲፓርትመንቱ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ዩኒት ሊደሩ «ያረመው መምህር ይወስን» ብለው ወደ መምህሩ ይመልሳሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! ልክ መሆኗን ካወቃችሁ እስክሪብቶው ምን ከበዳችሁ? ከኪሳችሁ ገንዘብ አውጡ አልኩ? ልጅቷ እኮ ከመጽሐፉ አልፋ አንብባ ነው የመጣችው! ለዚያ ነው የቀጣችኋት።

አንቀጽ 6። ስለ አፈጻጸም
ያው ጥያቄ በፋይናሉ ተመልሶ መጥቷል። «አዮኒክ» ብላ ሙሉ ማርክ አግኝታለች። «አንቺ፣ ኮቫለንት መሆኑን ታውቂ የለ?» ስላት፣ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «አውቃለሁ አባዬ፤ የሚፈልጉት ግን እሱን ነው» ብላኛለች።

አንቀጽ 7። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ልጄ ይህን ከተናገረችበት ቀን ጀምሮ የጸና ሆኗል።