ላስቲክ ያፈቀሩ ሙሽሮች

በአክስቴ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ባልዲ የመሰለ ወጥመድ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክዳኑ አረንጓዴ፣ አንገቱ ቢጫ፣ ሆዱ ነጭ። የግብርና ልማት ሠራተኛው (ዲኤው) ከክዳኑ ሥር የሴት ተምች ጠረን አስመስሎ የተሠራ ቅመም የጠጣች ቁራጭ ላስቲክ አኑሮበታል። አፍንጫዬን አስጠግቼ ባሸት ምንም አልሸተተኝም። አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ የእሳት ራት የሆነው ወንዱ ተምች ግን አፍንጫ ሳይኖረው በአንቴናው ያገኛታል። በሌሊት ተነሥቶ፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ጥሎሽ ሳይቆርጥ ከች ይላል። ላስቲኳን ሲዞር፣ ሲዞር ይቆይና ሲደክመው በወጥመዱ አንገት ሾልኮ ሆዱ ውስጥ ይወድቃል።

ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት አክስቴ አጎንብሳ አየች። «አንድም ሴት የለችበትም?»

«ሴቷማ ምን ልትሠራ ትምጣ? ጠሪዋ እሷ!» አልኳት።

ወንዶቹ እንዲህ መሆን የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዣን አንሪ ፋብር አንዲት ሴት የእሳት ራት በወንፊት ሽቦ ከድኖ ቢያስቀምጥ፣ በዚያው ምሽት አርባ ያህል ወንዶች ቤቱን ወረሩት። ጠረን በማያሳልፍ ዕቃ ሲዘጋባት ግን ዝር ያለ አልነበረም። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንትም ሃያ ዓመት ያህል ለፍቶ፣ ከግማሽ ሚሊዮን የሐር ትል እንስቶች ጥቂት ሚሊግራም ጠረን አጣርቶ፣ ምንነቱን በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። የሰው ልጅ የሴትን ጥሪ በብልቃጥ መያዝ የቻለው ያኔ ነው።

አክስቴን ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። መጤው ተምች ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎዋን እንዳመነች አታድርም።

«ይኼው ሞቱ፤ ተገላገልን ማለት ነው?» አለችው ዲኤውን።

«አይ እትዬ፣ ይኼ ለመቁጠር እንጂ ለመጨረስ አይደለም። ቁጥሩ ሲበዛ ቅጠሉን እንፈትሻለን።»

«አንዱ ወንድ ካመለጠ ለስንቷ ሴት ይበቃል! ደግሞ በቆሎዬን የሚበላው ትሉ፣ እናንተ የምትቆጥሩት ያፈቀረውን!»

ዲኤው ሳቀ። «ትሉ እምቡጡ ውስጥ ይደበቃል፣ እንቁላሉም ቅጠል ላይ ይሸሸጋል እትዬ። አልደበቅም የሚለው አፍቃሪው ብቻ ነው። እሱ ከመጣ ሚስትየዋም ልጆቹም ሩቅ አይደሉም።»

አክስቴ ባልዲውን ደግማ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አይ ወንድ! ቤተሰቡን አስፈትሾ ሞተ በሉኛ።»