ቅዳሜ ከሰዓት ዲሽዎን ያጥፉልን

ማንችስተር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣ አሶሳ

እኔ ከብርዱና ከማንችስተር ዩናይትድ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

በድምፅ መልእክትዎ ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛው፣ «ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ሥር እየኖርህ የቅዳሜውን ጨዋታ እንዴት አላየህም?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰፈሩ ለከተማው ቡድን ከሌላ ከተማ አጥቂ ለማስፈረም ለጀመረው መዋጮ ምን ያህል እንደምልክ ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ስለሆነ አብሬ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ክለቤ የውድድር ዘመኑ እኩሌታ ላይ ቀሪ ትኬቶቹን 66 ፓውንድ አስገባ። ለሕፃን ቅናሽ አልነበረም፣ ለሽማግሌም አልነበረም። 66 ፓውንድ ቁጭ ብዬ ልናደድበት ከምከፍል ለእናታችን ብልከው ምርቃት አገኝበታለሁ።

«በቴሌቪዥን እይ» ይሉኝ ይሆናል። እዚህ አገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ኳስ በቀጥታ ማሳየት ክልክል ነው! እርስዎ ቪዲዮ ቤትዎ ውስጥ የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተደላድለው ምሽት 12 ሰዓት የሚያዩትን ጨዋታ እኔ የስታዲየሙ ጩኸት እየተሰማኝ አላየውም። ማን እንዳገባ የምሰማው ከእርስዎ ነው፤ እርስዎም የአርሴናል ደጋፊ ስለሆኑ የሚደውሉልኝ ሲገባብን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የክለቤ ሰዎች በፈረንጆቹ 2024 ሐምሌ ላይ የአሠልጣኝ ቴን ሃግን ውል አራዘሙ፤ ጥቅምት ላይ አባረሩት። በዚያው ሐምሌ ዳን አሽዎርዝ የሚባል የስፖርት ዳይሬክተር አስመጡ፤ ታኅሣሥ ላይ ሸኙት። ሁለቱንና ረዳቶቹን ለማሰናበት የወጣው 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ከዚያ «ወጪ እንቀንስ» ተባለና መቶዎች ከሥራ ተቀነሱ፤ ለቢሮ ሠራተኛው በነጻ ይቀርብ የነበረው ምሳም በፍራፍሬ ተተካ። ፍራፍሬ ከሆነማ የአሶሳን ማንጎ ቢያስመጡ ይሻላቸው ነበር! በ2022 በ95 ሚሊዮን ዩሮ የገዙትን ተጫዋች አንቶኒንም በ2025 በ22 ሚሊዮን ዩሮ ግድም ለቤቲስ ክለብ ሸጡት። በክልላችን በመንጌና በኩርሙክ ወንዝ ዳር አሸዋ የምታጥብ እናት ወርቋን ሳትመዝን አትሸጥም፤ እነዚህ ግን ሚዛኑን የሚያወጡት ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።

በፈረንጅ ብቻ አልስቅም። በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ አልነበር? እዚያ የተደረሰው አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሚኖሩ ነው። ከራሱ ኪስ የማያወጣ ሰው በዋጋ አይከራከርም። ደመወዙ ሲከፈል ከረመ፣ ሜዳው ግን ተረሳ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ እርስዎ ደስታዎን ያሰሙኝ በስልክ ነበር። የሕዳሴ ግድቡ እኛው ክልል ጉባ ላይ፣ «የሜዳችን» ጨዋታ ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን በሰው አገር ባለሜዳ ሆንን።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ለአጥቂው ሳንቲም አልልክም። ቢያገባልዎ በዓመቱ የተሻለ ከፋይ ይወስደዋል፤ ባያገባ ደግሞ ውሉ እስኪያልቅ ትቀልቡታላችሁ። ለሜዳው መደልደያ፣ ለታዳጊዎቹ ኳስና ጫማ ግን እልካለሁ። እነሱ የትም አይሄዱም፤ ቢሄዱም የሰፈራችሁ ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ እፈልጋለሁ። ያ እኔን የሚያቃጥለኝ የቅዳሜ ክልከላ የመጣው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው። የበርንሌይ ክለብ ሊቀ መንበር ቦብ ሎርድ «ትልቁ ጨዋታ በቴሌቪዥን ከታየ የትንሹን ክለብ በር ማን ያንኳኳል?» የሚል ሥጋት ይዞ ሌሎቹን አሳመነ። ስንቱ የመንደር ክለብ እስከ ዛሬ በቅዳሜ ተመልካቹ ይተዳደራል። በእግር ኳስ ገንዘብ ዙሪያ ከሰማሁት ውሳኔ ሁሉ ልክ ሆኖ ያገኘሁት፣ እኔኑ የሚጎዳኝን ይህን ነው።

የከተማችሁ ቡድን ቅዳሜ 10 ሰዓት ሲጫወት ሜዳው ዳር ከሰው ፍየል የሚበዛው ለምንድን ነው? ሰዉ እርስዎ ቤት ነዋ! የእንግሊዝን የቀትር ጨዋታ ከፍለው ያያሉ። መዋጮውን የሚያስተባብሩትም እርስዎ፣ ተመልካቹን የሚወስዱበትም እርስዎ። ቡድኑ በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ብቻ ዲሽዎን አጥፍተው ደንበኞችዎን ይዘው ይውጡ። የመግቢያው ብር ከማንም አጥቂ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ገቢዎ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ባለቤትዎ እትዬም አይወዱትም። የጎደለብዎትን እኔ እተካለሁ፤ የአርሴናልን ጨዋታ ግን በሒሳቡ አልቆጥርም። ከ1996 ዓ.ም. በኋላ ስንት ዓመት ያለ ሊግ ዋንጫ የከረመ ቡድን ቢቀርብዎት ምን ይቀርብዎታል?



ታናሽ ወንድምዎ

ማስታወሻ፦ የጠየቁኝ የአርሴናል ማሊያ እዚህ 80 ፓውንድ ግድም ነው። በዚህ ዋጋ ለታዳጊዎቹ ኳሶች ገዝቼ ልኬያለሁ፤ ስምዎን ጽፌባቸዋለሁ።