ከላይ የሚወርድ አየር

በመጪው በጋ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ደረቅ፣ ነፋሻማና ፀሐያማ የአየር ሁኔታ ያመዝናል። በጥቂት ስፍራዎች ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል። በቆላማ አካባቢዎች የቀኑ ሙቀት ከፍ ይላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ አየር ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የሚሸተው አንባቢ ካለ የበጋ አቧራ አፍንጫው ገብቶ ይሆናልና ይታጠብ።

መጀመሪያ ነፋሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሳይቤሪያና ከዐረቢያ በኩል ከፍተኛ የአየር ግፊት ይዘረጋና ደረቅ ነፋስ ይልክብናል። ከፍተኛ ግፊት ባለበት አየሩ ከላይ ወደ ታች ይጫናል። የሚወርድ ደረቅ አየር ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ይመጣል። ስለዚህ ከላይ ሲነሳ ምንም ያህል ቀዝቃዛና ጨዋ ቢሆን፣ ቀበሌ ሲደርስ እሳት ጎርሶ ነው። ዝናብ የሚሆነው ሌላው ነው፤ የመሬትን እርጥበት ተሸክሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው። መውጫውን ከላይ የሚጫነው ከዘጋበት ግን ደመና ሳይሠራ ይቀራል። ይህን የሜትሮሎጂ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ይማረዋል። ሌሎቹ ሥራ በዝቶባቸው ክፍል አልገቡም።

ነፋሱ ድምፅ አለው። ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ በር ይደበድባል፣ ሰንደቅ ያውለበልባል። ለሰንደቅ መልካም ነው። ማሳ ላይ ግን ያላመጣውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። በየአዳራሹ ስለሚነፍሰው ትንበያው የሚለው ነገር የለም፤ መሣሪያዎቹ የተተከሉት ደጅ ነው።

ወደ ዝናቡ እንለፍ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ለአንድ ጀበና የተረፈ፣ ለአንድ ማሳ ያልበቃ። መዝገቡ ላይ ግን «ዘነበ» ተብሎ ይጻፋል፤ የተጻፈም አይፋቅም። ከዚህ የሚብሰው ደመናው ለቅቆት መሬት ሳይደርስ የሚቀረው ዝናብ ነው። በበጋ ሰማዩን ያየ ሰው ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ያያል። ተለቋል ብሎ ቢምል እውነቱን ነው። ከታች የቆመው አልደረሰኝም ቢል እሱም እውነቱን ነው። በመሐል ያለው ደረቅ አየር ጠጥቶታል። ባለሙያዎቹ «ቪርጋ» ይሉታል፤ ኦዲተሮች ስላልሆኑ ከስሙ አልፈው ማን ጠጣው ብለው አይጠይቁም። ተራራም አለ። እርጥብ ነፋስ ተራራ ሲገጥመው የያዘውን በፊት ለፊት ላለው ወገን ያራግፋል፤ ከጀርባ ላለው የተራገፈውን አየር ብቻ ያደርሰዋል። ተራራው ምን ያድርግ፣ በቆመበት መቆሙ ነው። ጥፋቱ ከጀርባው የተወለደው ሰው ነው።

ለዚህ ስፍራ የምትሆን ስንኝ ገጥሜያለሁ፦

ጩኸታችን በዝቶ ስለ ዝናብ ጉዳይ፣
እስቲ ቀና በሉ፣ ከላይ ያለው ሰማይ!

ሙቀቱ ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋል። የአየር ሙቀት የሚለካው በጥላ ውስጥ ነው። ቴርሞሜትሩ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ እንዲያስገባ ጎኑ በተሸነሸነ ሳጥን ውስጥ፣ ከሣር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳታገኘው ይጠነቀቁለታል። ለሳይንሱ ትክክል ነው፤ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው። በዚህ ሳጥን አቆጣጠር ሙቀቱ «በመጠኑ ጨምሯል»። ሽንኩርት ገዝታ በባዶ እግሯ አስፋልት አቋርጣ የምትመለስ እናት ግን «ዘንድሮስ አቃጠለን» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። አንደኛው የለካው ከሳጥኑ ውስጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ አማካዩ ይመጣል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች አናት በበጋ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። ሁለቱን ደምረን ብናካፍል ለሽርሽር የሚመች አገር ይወጣል። ከወገብ በላይ በረዶ፣ ከወገብ በታች ፍም የያዘ ሰው በአማካይ ጤነኛ ነው፤ ሪፖርቱም የሚጻፈው እንዲሁ ነው። «መደበኛ» የሚባለውም ዘመዱ ነው፤ የ30 ዓመት ድርቅና ጎርፍ ተደምሮና ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ሲሆን፣ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ መከራው ረዘም ካለ መደበኛ መሆኑ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቅኔ ልናገር። እኛ መሐል አገር ተቀምጠን «በጋ» ስንል፣ ቦረና ያንኑ ወቅት «ሀገያ»፣ ሶማሌ «ዴይር» ይለዋል። ለእነሱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ሁለተኛው ዝናብ የሚጠበቅበት፣ ኩሬ የሚሞላበት፣ ሣር የሚበቅልበት ነው። የወቅቱ ስም ከመሐል ሲወጣ ግን ደረቅነቱ ደንብ ይመስላል፤ ደንብ ደግሞ አያስደነግጥም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በእነሱ ዘንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። አስቀድመው የተናገሩ ተንባዮች ነበሩ። ስለዚህ እነሱን መውቀስ ነውር ነው። የተናገሩት ደርሷል፤ ያልደረሰው ሌላው ነው።

የወቅቱ ምክረ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የደረሰ ሰብል ያላችሁ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሳይመጣ አጭዳችሁ ከምሩ። አርብቶ አደሮች ውሃ ቆጥቡ፤ ተለቀቀ የተባለውን ሳይሆን እንስራችሁ የገባውን ቁጠሩ። ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ሚስማራችሁን አጥብቁ፣ ነፋሱ ከላይ ነው። ሙቀት ለኪዎች ደግሞ እባካችሁ አንድ እኩለ ቀን ከሳጥኑ ውጭ ቁሙ።