ቃል የማይገቡ መጻሕፍት

በመቅድሙ ላይ አንባቢውን በሳቅ እንደሚያፈነዳ አስቀድሞ ቃል የሚገባ ደራሲ ባጋጠመኝ ቁጥር፥ ገና አንዲት ገጽ ሳልገልጥ ፊቴ የሰሙነ ሕማማት ፊት ይሆናል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ፥ የጎረሱትን ሳያላምጡ «ጣፈጠዎ ወይ?» እያለ አፍ አፍዎን የሚያይ ጋባዥ ይመስለኛል፤ ወጡ ምንም ቢጥም በዚያ ዓይን ፊት አይዋጥም። በበኩሌ ከቀልደኛ መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው፥ ለቁም ነገር ተነሥቶ መንገድ የሳተ ሰው የጻፋቸውን ነው።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የምጠራው እንግሊዛዊው ጀሮም ኬ. ጀሮም በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሦስት ሰዎች በጀልባ» ሲጀምር፥ አሳቡ የቴምዝን ወንዝ መልክዓ ምድርና ታሪክ የሚተርክ ጨዋ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ነበር፤ ዳሩ ግን ቀልዱ እየበረታ ሄዶ ታሪኩን ወደ ወንዙ ገፈተረው። ሁለቱ ባልንጀሮቹ በእውነት የነበሩ ሰዎች ሲሆኑ፥ ሞንትሞረንሲ የተባለውን ውሻ ግን ከልቡናው አፍልቆ ጨመረላቸው። ከገፈተራ የተረፈው ታሪክ ዛሬም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ እኔ ግን (ነፍሱን ይማርና) እርሱን እየዘለልሁ፥ ሦስቱ ጎልማሶች መክፈቻ ረስተው ከአንዲት የአናናስ ቆርቆሮ ጋር በቢላዋ፥ በመቀስ፥ በደንጊያና በጀልባው ምሰሶ የገጠሙትን ጦርነት ደግሜ ደጋግሜ አነባለሁ። ድሉ የቆርቆሮዋ ነው።

በእኛም ሀገር ቢሆን፥ የ1923ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ያንኑ ብዕር ይዘው አስቀድመው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈዋል፤ ንግሥት ዘውዲቱም እንዳይታይ አገዱት። አንድ ቀልድ ዐዋጅ ከሚያስነሣ በላይ ምን ዓይነት ሙገሳ ይመኛል?

የሚያሳዝኑኝ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እኒህ ሰው በዘመናቸው የማሕሌት ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር ያስፋፋውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው አቋቋም መነሻው የእርሳቸው ብልሃት ነው ይባላል። በየመንገዱ በሚሸጡት የቀልድ መድበሎች ውስጥ ግን ከሊቅነታቸው ቅንጣት አልተረፈላቸውም፤ አባት ያጣ ቀልድ ሁሉ በእርሳቸው ስም ተጠምቆ ይገባል፥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ያላሉትን ሁሉ እንዲሉ ይገደዳሉ። ይህን እንኳ በትዕግሥት እችለው ነበር፤ የሚመረኝ ከቀልዱ በታች የሚከተለው ሐተታ ነው። አሰባሳቢው አንባቢውን ምን ያህል ቢንቀው እንደሆነ እንጃ፥ አለቃ በሰምና ወርቅ ሸሽገው የተናገሩትን ነገር እንደ መጽሐፍ መምህር «አንድም» እያለ ይተረጉመዋል፤ ትርጓሜውም ከንባቡ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ሳቄ መንገድ ላይ ሳለ ደርሶ ይገንዘዋል።

የውፍረቱንም ነገር በአጭሩ ልናገር፤ ቀልደኛ መጽሐፍ ተኝተው ሲያነቡት ደረት የሚጫን ከሆነ፥ ደራሲው ሕግ ተማሪ ቢሆን ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ለወዳጆቼ ያዋስሁት የነገረ መለኮት መጽሐፍ ሁሉ በሰሙኑ፥ ያውም ገጹ ሳይጨማደድ፥ በሰላም ይመለስልኛል። ጀሮምን የወሰደው ሐኪም ወዳጄ ግን እስካሁን ድምፁን አጥፍቷል። በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው የሕክምና መዝገብ ሲያገላብጥ ከአንዲቱ በቀር የዓለምን ደዌ ሁሉ በራሱ ላይ ያገኛል፤ ወዳጄም መልስልኝ ባልሁት ቁጥር፥ ለሥራው ገና እንደሚያስፈልገው ፊቱን ሳያላላ ይነግረኛል።