ነፍስ ይማር፣ አቶ ውሎ አበል

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት፤ በዚህ ድንኳን ውስጥ ከሟች እጅ ያልቀመሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እንግዲያው ሁላችንም ቤተሰብ ነን፤ እንደ ወጉ የሕይወት ታሪካቸውን ላንብብላችሁ።

አቶ ውሎ አበል የተወለዱት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንብ ውስጥ ነው። ከሥራ ቦታው ርቆ ለሚሠማራ ሠራተኛ የምግቡንና የአልጋውን እንዲሸፍኑለት የተፈጠሩ፣ ቀጫጫ፣ ደረሰኝ ወዳድ ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው የሚያውቋቸው ሰዎች «ይህ ልጅ አንድ ቀን ከደመወዝ ይበልጣል» ቢባሉ በሳቁ ነበር። ያሳደጓቸው ግን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በ1954 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዩኤስኤአይዲ የክርስትና አባት ሆነላቸው። ደርግ ወድቆ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሲበራከቱ ቁመት ጣሉ። አሜሪካ በ1995 ዓ.ም. ፔፕፋር የተባለውን የኤችአይቪ ፕሮግራም ስታመጣና ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ተርታ ስትገባ ደግሞ ሙሉ ሰው ሆነው ቦሌ ላይ ቤት ተከራዩ።

ቦሌን ያለ እሳቸው ማሰብ ይከብዳል። ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ አትላስ፣ ወሎ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ፣ ኋላም ገርጂና ሲኤምሲ ድረስ፣ በሩ ላይ አርማ የበዛበት ሰሌዳ፣ በሩ ሥር የጥበቃ ጎጆ፣ ግቢው ውስጥ አፍንጫዋን ወደ መውጫው ያዞረች ነጭ ላንድክሩዘር ካያችሁ ሟች እዚያ ነበሩ። የቪላው ባለቤት ኪራዩን በዶላር አስልቶ ልጁን ካናዳ ያስተምርበታል። ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ደግሞ የትኛው ፕሮጀክት ሊዘጋ እንደሆነ ከሠራተኞቹ ቀድማ ታውቃለች፤ በዱቤ መጠጣት ሲጀምሩ ይገባታል።

ትዳራቸውን ከወይዘሮ ወርክሾፕ ጋር መሠረቱ። ከዚህ ትዳር ሥልጠና፣ የምክክር መድረክ፣ የልምድ ልውውጥ፣ የማስጀመሪያ መርሐ ግብርና የመዝጊያ መርሐ ግብር የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ መሀል ሥራ የሚባል ልጅ መወለድ ነበረበት፤ አንዳንዴ ተወልዷል።

ውሏቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይባላል፣ ሦስት ተኩል ይጀመራል። በር ላይ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ፊርማ የሚል ወረቀት አለ። ያን ወረቀት ያልፈረመ አልተገኘም፤ የፈረመ ግን ባይኖርም ተገኝቷል። ቦርሳ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል። የክብር እንግዳው በንግግር ይከፍቱና «ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለብኝ» ብለው ይወጣሉ፤ አስቸኳዩ ስብሰባ ሌላ ሆቴል ውስጥ የሚጠብቃቸው ሌላ መክፈቻ ነው። ከዚያ አይስ ብሬከር ይመጣል። ጡረታ የቀረባቸው የመምሪያ ኃላፊ ተነስተው ራሳቸውን በአንድ እንስሳ እንዲገልጹ ይጠየቃሉ። አንበሳ ያልመረጠ ኃላፊ አይቼ አላውቅም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሻይና ሳምቡሳ፣ ስድስት ተኩል ላይ የጾምም የፍስክም የተሰለፈበት ምሳ። ከምሳ በኋላ የቡድን ሥራ ነው፤ ቡድኑ ወረቀቱን የእጅ ጽሑፏ ለሚያምር ልጅ ሰጥቶ የኮንዶሚኒየም ወሬውን ይቀጥላል። ፍሊፕ ቻርቱ ላይ የሚጻፈው በየትኛውም ርዕስ ያው ነው። የታየ ክፍተት፦ የቅንጅት ማነስ። መፍትሔ፦ ቅንጅትን ማጠናከር። ቀጣይ አቅጣጫ፦ ሌላ ወርክሾፕ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ገንዘብ ያዧ አዳራሹ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ትከፍታለች። ያን ጊዜ የሚታየው ሰልፍ፣ ያ «እርስዎ ይቅደሙ» መባባል፣ ያ ጸጥታ! ጉባኤው ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው የዋለው ቅንጅት እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ሟች ከከተማ ሲወጡ ይወፍራሉ። ስለ አዲስ አበባ ችግር ለመምከር የአዲስ አበባ ሰው ተሰብስቦ ቢሾፍቱና አዳማ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ችግር ከሩቅ ሲያዩት ይጠራል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ የሚያደርሰው የ85 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ሲከፈት ከጭነት መኪና ባለቤቶች ቀጥሎ እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

ጠላትም አላጡም። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ፤ እሱን ተከትሎ ሠላሳ ሰባ የሚሉት መመሪያ መጣ። ለአስተዳደር ከበጀቱ ከ30 በመቶ በላይ አይውልም ተባለ። ሟች የአስተዳደር ወጪ ናቸው ወይስ የፕሮግራም? ይህን የሚያህል የሥነ መለኮት ክርክር ከቅባትና ከተዋሕዶ ወዲህ አልተነሳም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 አሮጌውን ሲሽረው ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ዝቅ አለ፤ እሳቸው ግን የፕሮግራም ወጪ መባልን ተጎናጽፈው ከጣሪያው ውጭ ተመቻችተው ኖሩ።

ሞት የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ እዚህ የሚካኤልን ታቦት ወደ መንበሩ ስንሸኝ፣ ዋሽንግተን ላይ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ፈጸሙና በዚያው ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ዕድሜ ልካቸውን በፊርማ የኖሩ ሰው በፊርማ ሞቱ። 90 ቀኑ እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ 83 በመቶው ፕሮግራም መሰረዙን አስታወቁ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የክርስትና አባትየው ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘግቶ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። ገርጂ ላይ አንዲት አልቃሽ ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፦

ስንት ቀን ፈረምኩኝ በሕይወት እያለህ፣
ለለቅሶህ ብመጣ አበል እንኳ የለህ።

ያን ጊዜ ተስፋ ያልቆረጥነው አጎቶች ስላሏቸው ነበር። አባት ቢጨክን አጎት ያነሳል፤ አውሮፓ አለች፤ ብለን ነበር። እውነትም ለቅሶ ደረሱ። እንግሊዝ ቀድማ ገባች። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የካቲት 18 ቀን፣ ትራምፕን ሊያገኙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ለእርዳታ የሚውለው ከብሔራዊ ገቢ 0.5 በመቶ የነበረው እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ወደ 0.3 እንደሚወርድና ልዩነቱ ለመከላከያ እንደሚሄድ ተናገሩ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ በዚያው ሳምንት ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በዚህ ድንኳን ከልባቸው ያለቀሱ ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሆላንድ ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ 2.4 ቢሊዮን ዩሮ እንደምትቀንስና ከእንግዲህ ለራሷ የሚጠቅማትን እያየች እንደምትሰጥ አስቀድማ ተናግራ ስለነበር ብዙም አልቆየች፤ እግዜር ያጥናችሁ ብላ ወጣች። ፈረንሳይም ቆርጣ፣ ቤልጂየምም ቆርጣ ነው የመጡት። ጀርመን ለጦር መሣሪያ እንደ ልቧ ለመበደር በሕገ መንግሥቷ ያሰረችውን የዕዳ ልጓም ፈታች፤ የልማት ሚኒስቴሯን በጀት ግን አጠበቀች።

አጎቶቹን ከመርገማችሁ በፊት እንባቸውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የሚያለቅሱት ለእኛ ሟች አይደለም፤ የራሳቸው ሞቶባቸዋል። ኔቶ በ1941 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ አውሮፓም ከአሜሪካ የምትቀበለው አበል ነበራት። ወታደሩ፣ የስለላ ሳተላይቱ፣ የኒውክሌር ጃንጥላው በዚያ ሂሳብ ይያዛል። ለሠራዊት ያላወጣችውን ለሕክምና፣ ለጡረታ፣ ተርፎም ለእኛ ወርክሾፕ አከፋፈለችው። የገርጂው ሳምቡሳ የተጠበሰው ባንድ በኩል በአሜሪካ ታንክ ዘይት ነበር ማለት ነው። እሷም እንደኛ ፊርማዋን አኑራ፣ ቦርሳዋን ተቀብላ፣ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ያለች ተሳታፊ ነበረች፤ ልዩነታችን ወንበሩ ከፊት ነው ከኋላ የሚለው ነው።

ከዚያስ? ከፋዩ ፊቱን አዞረ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ የካቲት 7 ቀን ሙኒክ ላይ አስተናጋጆቻቸውን በአደባባይ ገሠጿቸው። የካቲት 25 ቀን የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ዴር ላየን እስከ 800 ቢሊዮን ዩሮ ለመሣሪያ የሚያሰባስብ ዕቅድ ይዘው ብቅ አሉ። ሰኔ 18 ቀን ሄግ ላይ የኔቶ አባላት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ከጠቅላላ ምርታቸው 5 በመቶውን ለመከላከያና ለተያያዥ ወጪ ሊያውሉ ቃል ገቡ፤ ስፔን ስታጉረመርም የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ማርክ ሩተ ትራምፕን ጋዜጠኛ ፊት በቀልድ «አባዬ» አሏቸው። ሐምሌ 20 ቀን ደግሞ ፎን ዴር ላየን ስኮትላንድ ድረስ፣ ወደ ትራምፕ ጎልፍ ሜዳ ሄደው፣ አብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል ተስማምተው፣ ተጨባብጠው ተመለሱ።

ወርክሾፕ ላይ ያረጀ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ አይደንቀውም። አበል የለመደ መሥሪያ ቤት አበል ሲቀርበት የሚያደርገውን ነው አውሮፓ ያደረገችው። መጀመሪያ ጊዜያዊ ነው አለች፣ ቀጥላ ከፋዩን አሞገሰች፣ በመጨረሻ ከእሷ በታች ያለውን ቀነሰች። ከእሷ በታች ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። እዚህ አገር በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ስንዴውና መድኃኒቱም አለ። ለዚያ የሚለቀሰው በሌላ ድንኳን ነው፤ እዚያ ቀልድ ይዞ መግባት ነውር ነው። እኔ የማነበው የአበልን ታሪክ ብቻ ነው።

ለእሳቸውም ቢሆን ደግ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ አጥንታቸው ይወቅሰኛል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት እንደኖረ የሚያውቅ ያውቃል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተሻሽሎ እንኳ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ነው ያደገው። የሁለት ቀን ስብሰባ የወር አስቤዛ የሚሆንበት ቤት ስንት ነው? ለጋሹም ያውቅ ነበር፣ መንግሥትም ያውቅ ነበር። አንዱ ደመወዝ ልክፈል ቢል አይፈቀድለትም፣ ሌላው ልጨምር ቢል አቅም የለውም፤ ስለዚህ ተስማምተው አቅም ግንባታ አሉት። በዚህ ውል መሠረት ነርሷም፣ መምህሩም፣ የግብርና ባለሙያውም ሥራቸውን ትተው አዳራሽ መቀመጥን ተማሩ። ስንስቅበት የኖርነው ሰውዬ የብዙ ቤት ኪራይ ከፍሏል፤ ያንኑ ያህል የብዙ ሰው የሥራ ቀን በልቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ኦዲተር ይንገረን።

ወደ ውርሱ ልለፍ። ነጫጮቹ መኪናዎች ለጨረታ ወጥተዋል፤ የተጫራቾች ስም ዝርዝር ሲነበብ ግማሹ የቀድሞ ሾፌራቸው ነው። ቪላዎቹ በር ላይ «ለቢሮ የሚሆን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አከራዩ በዶላር ማሰቡን አልተወም፣ ካናዳ ያለው ልጅ አልተመረቀማ። የሆቴሎቹ አዳራሽ ለመልስና ለምርቃት ድግስ ይከራያል። አሥር አርማ የተደረደረበት ባነር ጉሊት ላይ የቲማቲም ጥላ ሆኗል፤ ዘላቂ ልማት ማለት እንዲህ ነው። ቦርሳዎቹን የወሰድነው እኛ ነን፤ መልሱ የሚል ቢመጣ ሰጪው የለም።

አንድ ልጃቸው ብቻ በሕይወት አለ፤ ዙም ይባላል። አባቱን አልመሰለም። አዳማ አይወስድም፣ ሳምቡሳ አያቀርብም፣ አንበሳ ነህ ወይስ ዝሆን ብሎ አይጠይቅም። የመቶ ብር ካርድ ልኮ ሰውን ግማሽ ቀን ስልኩ ላይ ያፈዘዋል። ካሜራችሁን ክፈቱ ሲባል ኔትወርክ የለም፤ ካርድ ያልደረሳችሁ ቁጥራችሁን ጻፉ ሲባል ከኤርትራ ድንበር እስከ ሞያሌ ኔትወርክ ይመጣል።