ፓስታ በቱና፦ በላጤ ቤት የተደረገ ምርምር

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችና የኪራይ ክፍሎች ውስጥ እንደ ፓስታ በቱና የተስፋፋ፣ የምሁራንንም ዓይን እንደ እሱ የተነፈገ ምግብ የለም። ሠርግ ላይ አይቀርብም፤ ለእንግዳም አይጋበዝም። «ራት ምን በላህ?» የተባለ ላጤ ስሙን የሚጠራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

የታሸገ ምግብ ታሪክ የሚጀምረው ከጦር ሜዳ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የሠራዊቱ ስንቅ እየተበላሸ ስላስቸገረው ለመፍትሔው ሽልማት አቀረበ። ኒኮላ አፔር የተባለ ጣፋጭ ሠሪ ምግቡን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ ውስጥ አቆየውና በ1810 እ.ኤ.አ. 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። በዚያው ዓመት ፒተር ዱራንድ በእንግሊዝ አገር ቆርቆሮን ጨምሮ በልዩ ልዩ ዕቃ የማሸግ መብት አስመዘገበ። ምግቡ የማይበላሽበትን ምክንያት አፔር ራሱ አላወቀውም፤ ሉዊ ፓስተር ጉዳዩን እስኪያብራራ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሁሉም ሳያውቅ በላ።

እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ሽልማት አላስፈለገም። በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ በስልቻና በአቅማዳ ገብተው ዘማቹን ሲከተሉ የኖሩ ናቸው። በሶ እሳት አይጠይቅም፤ ድርቆሽ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። መክፈቻ የሚፈልግ አንድም የለም።

መክፈቻ ከተነሳ አይቀር፣ የዚህ ምርምር ዋና ጭንቀት እሱ ነው። ጣሳው ከመክፈቻው ቀድሞ ተፈጥሯል። የጣሳ መክፈቻ በእንግሊዝ በ1855፣ በአሜሪካ በ1858 እ.ኤ.አ. እስኪመዘገብ ድረስ የሰው ልጅ ቱናውን ባይሆንም ሥጋውን የሚያገኘው በመሮና በመዶሻ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን ያለፈ አድርገው ይጽፉታል። በላጤ ቤት የተደረገው ምልከታ ግን ሌላ ያሳያል፤ የቢላዋ ጫፍ ጣሳው ላይ ይተከላል፣ እጀታው በሙቀጫ ዘነዘና ይመታል፣ ዘይቱ ሸሚዝ ላይ ይረጫል። ተጎትቶ የሚከፈተው ባለ ቀለበት ጣሳ ሲመጣ ችግሩ የተፈታ መስሎ ነበር። ቀለበቱ ብቻውን ተነቅሎ እጅ ላይ የቀረ ዕለት ግን ተመራማሪው ወደ 1810ዎቹ ይመለሳል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ድልህ ይገባል፤ በርበሬ በእጅ ልክ ይነሰነሳል፤ ቱናው መጨረሻ ላይ ገብቶ ገልበጥ ገልበጥ ይደረግና ቃሪያ ይጣልበታል። ፓስታው በሌላ ድስት ይቀቀላል፤ ሌላ ድስት ከሌለ ቀድሞ ተቀቅሎ ሳህን ላይ እየቀዘቀዘ ተራውን ይጠብቃል። ሰርዲን፣ ኢንዶሚና እንቁላል ፍርፍር የዚሁ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ ለየብቻ ማጥናት አላስፈለገም።

የሊቃውንቱ ክርክር የጣሳው ዘይት ላይ ነው። አንደኛው ወገን ይደፋ ይላል፤ ሽታውን በመፍራት። ሁለተኛው ወገን ሽንኩርቱ መቁላላት ያለበት በዚያው ዘይት ነው ባይ ነው። ዘይት በተወደደ ቁጥር የሁለተኛው ወገን ተከታዮች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ክርክሩን የሚፈታው ጣዕም ሳይሆን ገበያ ይመስላል። ሌላው ጥያቄ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጉዳይ ከዚህ ጥናት አቅም በላይ በመሆኑ ለንስሐ አባት ተመርቷል። የባሕር በር የሌላት አገር ሱቆች የባሕር ዓሣ በጣሳ ደርድረው ዓመቱን ሙሉ መሸጣቸው ግን ሳይመዘገብ አይታለፍም።

አሁን ወደ ግኝቱ። ላጤው ምግቡን «ቀላል» ይለዋል፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ይላል። ምርመራው እንዳሳየው ግን ሃያ ደቂቃው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። የገባው በርበሬ አገር ቤት ካለች እናት የተላከ ነው፤ ዛላው ተቀንጥሷል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዟል፣ እንደገና ደርቋል፣ ኮረሪማና አዝሙድ ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ደርሷል። በርበሬው ካልገባ ቱናው ምን እንደሚመስል የሞከሩት ያውቁታል፤ ደግመው አልሞከሩትም።

የወር መጨረሻ ላይ ጣሳው ሲያልቅ የሚተካው ሽሮ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጋልጣል። የላጤው ድርሻ ውሃ ማፍላትና እንዳይጓጉል እያማሰለ ዱቄቱን መጨመር ነው፤ እሱንም ቢሆን ይጓጉልበታል። ሽምብራውን ወይም አተሩን የለቀመው፣ የቆላው፣ የከካው፣ ከቅመሙ ጋር የመጠነው ሌላ ሰው ነው። በላጤ ቤት ቀላል የሚባለው ምግብ ሁሉ ሥራው ከወራት በፊት፣ በሌላ ሰው ጓዳ ያለቀ ነው።

ባዶው ጣሳ አይጣልም። ትልቁ ጤና አዳም ይተከልበታል፤ ሌላው ገበያ ወጥቶ የእህልና የኦቾሎኒ መስፈሪያ ይሆናል። ጠፍቶ የሚቀረው በርበሬው የመጣበት ዕቃ ነው። አንባቢ በቁም ሳጥኑ ላይ ወይም በአልጋው ሥር ክዳኑ የቀላ የፕላስቲክ ዕቃ ካለ አጥቦ ለእናቱ ይመልስ፤ ባዶውን ግን አይላክ፤ ቢያንስ ስኳር ይግባበት።