ባለ ሦስት እግር ጽድቅ

ጳጉሜ ስትገባ የከተማችን ሰው ልቡ ይራራል። ግድግዳ ይቀባል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ሳሎኑ ውስጥ ዓረቢያን መጅሊስ ይነጠፋል። አሮጌው ሶፋ መሄጃ አጥቶ በር ላይ ሲገተር ነው እንግዲህ ባለቤቱን አረጋውያን ትዝ የሚሉት። በትርፍ ጊዜዬ የማገለግልበት አንድ የአረጋውያን መርጃ ግቢ በዚያ ሰሞን በአይሱዙ ይጨናነቃል። ዕቃ የምረከበው እኔ ስለሆንኩ የወገኔን ቸርነት ከቅርብ አይቻለሁና ልመስክር።

በመጀመሪያ የለጋሾቻችን ጥንቃቄ ይደነቅ። ዕቃው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በባለሙያ ተመርምሯል፤ ለቆራሌው ታይቷል። ቆራሌው ምናለሽ ተራ ወስዶ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ሶፋውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ ስፖንጁን ይጫናል፣ «ይቅርብኝ» ብሎ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይሄዳል። መንገድ ላይ እንዳይጣል ደንብ አስከባሪ አለ። አስጭኖ ማስጣል ደግሞ ገንዘብ ነው። ድሃ ግን አያማርጥም፣ አይቀጣም፣ እንዲያውም ይመርቃል! ነቢዩ ሚልክያስ አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን የተቆጣው የእኛን ሶፋ ሳያይ ስለሞተ ይሆናል።

ስጦታው ዓይነቱ ብዙ ነው። የፔርሙዝ ክዳን፣ ያለ ፔርሙዙ። ጆሮው የወለቀ ጀበና። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ባለ 110 ቮልት ሩዝ ማብሰያ፤ በእኛ 220 ላይ ተሰክቶ አንዴ ጢሱን ተፍቶ ያረፈ፣ የመጨረሻዋ ሩዝ ውስጡ ደርቃ የቀረችበት። ፍራሽም መጥቶልናል፤ ብቻውን እንዳይሆን ትኋኖቹ አጅበውታል። ብቸኝነት ለሚያጠቃቸው ሽማግሌዎች ታስቦ ነው።

ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን አንዱ ሶፋ ነው። አራት እግር ኖሮት በሦስት የቀረ። እንደደረሰ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ ጀርባው ላይ በቀለም ቁጥር ተጻፈለት። ቁጥር የወጣለት ዕቃ እንዲሁ አይጣልም፣ ንብረት ነው፤ መጋዘን ገባ። መጋዘኑ ጠበበና የምስሩ ጆንያ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ሶፋው ውስጥ አይጥ ወለደች። ለአይጧ ድመት መጣች። ድመት በምስር አትኖርምና ከአረጋውያኑ ወተት ቀለብ ተቆረጠላት። ወተት ካገኘች ወዲያ አይጥ ማሳደዱን ተወችው (ማን ይፈርድባታል?)። በዓመቱ ሶፋው ይወገድ ተባለ፤ ሦስት አባላት ያሉት የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ ደግሞ ቆሞ አይሰበሰብም። መቀመጫ ሲፈለግ ሶፋው ከመጋዘን ወጣ፤ በጎደለው እግሩ ስር ጡብ ተደረገለት፤ ሰብሳቢው መሃል፣ ጸሐፊውና አባሉ ግራና ቀኝ ተሰየሙ። ረዘም ያለ ውይይት ተደርጎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ ንብረቱ በአሁኑ ሰዓት አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን ኮሚቴው በአካል ስላረጋገጠ አይወገድም። ጡቡም ገቢ እንዲሆን ታዘዘ። ይኸው ዛሬ ጡቡም የራሱ ቁጥር አለው።

የርክክቡን ፎቶማ አለመጥቀስ ነውር ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባነር ይዘረጋል፤ የጎደለው እግር ከባነሩ ጀርባ ይውላል፤ ለጋሹ ሶፋው አጠገብ ይቆማሉ፤ መራመድ የሚችሉ አረጋውያን ተጠርተው ከኋላ ይደረደራሉ። ባለፈው አንዷ እማማ እንዲህ ተሰልፈው ሶፋውን ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ቤታቸው ተቃጥሎባቸው ነው? እግዜር ያጽናቸው» አሉኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ለጋሹ ሊሄዱ ሲሉ መኪናቸው ውስጥ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ትንሽ ብታሠሩት እኮ አዲስ ነው የሚሆነው» አሉኝ። እርስዎስ ለምን አላሠሩትም ጌታዬ? ገንዘቡ ያለው እርስዎ ዘንድ፣ አናጺውም ያለው እርስዎ ሰፈር። ይህ ልግስና አይደለም፣ ቆሻሻ መጣል ነው። የማስጣያውን ሂሳብ ለአሮጊቶች ማስተላለፍ ነው። የሰበረውን ዕቃ ለጎረቤቱ ልስጥ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጎረቤት ይቀየማላ።

ኧረ ይቅር፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደህና አልጋ፣ የሚሠራ ፍሪጅ፣ ገና ያልተፈታ ብርድ ልብስ የሚያመጡም አሉ፤ እነሱ ግን ወግ አያውቁም፣ አራግፈው ወዲያው ይሄዳሉ። ምን ጎደላችሁ ብሎ ለሚጠይቅም ዝርዝሩ በር ላይ ተለጥፏል፦ ሳሙና፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ የአዋቂ ዳይፐር። ከሁሉ ቶሎ የሚያልቅብን ዳይፐሩ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም፣ ታጥቦ አይደገምም፣ ሌሊትም ያስፈልጋል። ዳይፐር ታቅፎ ባነር ስር የቆመ ለጋሽ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።